ኮሌጁን ሄዶ ስለ ማየት

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርሱ ወላጆቻቸውን «ኮሌጆችን ሄደን እንይ» ብለው ይጠይቃሉ። አባት ይህን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ነገሩን እንደ ሽርሽር ይቈጥረዋል። የሥራ ቀን ሊጐድል፣ ለቤንዚንና ለማደሪያ ሊከፈል፣ ያውም ገና ላልተገባበት ቤት! እኛ በዚህ አንፈርድበትም። እርሱ ባደገበት አገር ተማሪ የዩኒቨርሲቲዎችን ስም በወረቀት ላይ በተራ ይሞላ ነበር እንጂ ሄዶ አይቶ አይመርጥም ነበር። ውጤቱና የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ወደ ጎንደርም ወደ ጅማም ይወስዱት ነበር፤ ግቢውንም የሚያየው ሻንጣውን ተሸክሞ በገባበት ዕለት ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ባደሩ ጊዜም የገቡት ለፈተና እንጂ ለምርጫ አልነበረም።

በአሜሪካ ግን መዳቢ የለም። ተማሪው ለብዙ ኮሌጆች ያመለክታል፤ ከተቀበሉት መካከል የሚመርጠውም፣ ዕዳውን የሚሸከመውም ቤተ ሰቡ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የልጅ ምኞት ብቻ አይደለም።

ጉብኝቱ በአብዛኛው ያለ ክፍያ ነው፤ በኮሌጁ የቅበላ ቢሮ በኩል አስቀድሞ መመዝገብ ይበቃል። አንድ ሰዓት ያህል ግቢውን የሚያዞረው ራሱ ተማሪ ነው፤ ፊቱን ወደ እንግዶቹ መልሶ የኋሊት እየተራመደ ሲያስረዳ ማየት የመጀመሪያውን ቀን ድንጋጤ ያቀልላል። ይሁን እንጂ አስጐብኚው ያማረውን እንዲያሳይ የተመረጠ ስለ ሆነ፣ በእርሱ ቃል ብቻ መመለስ አይገባም። ልጁ ሊማረው ወዳሰበው የትምህርት ክፍል ይሂድ፤ ከተፈቀደለት በአንድ ትምህርት ላይ ይቀመጥ፤ በቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ያገኘውን ተማሪ «እዚህ ምን አስቸገረህ?» ብሎ ይጠይቅ። በዚህ ጊዜ ወላጆች ጥቂት ወደ ኋላ ቀረት ብትሉ መልካም ነው፤ እናቱ በአጠገቡ የቆመችበት ልጅ የልቡን አይጠይቅም።

ጊዜውም ይታሰብበት። በበጋው ዕረፍት ግቢው ባዶ ነው፤ ሕንጻ እንጂ ኑሮ አይታይበትም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጸደይ ዕረፍት ግን ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ ይህም ለእኛ ቤት ጥሩ አጋጣሚ ነው። በምግብ አዳራሹ ገብታችሁ ብሉ። «ቬጋን» የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋም፣ ወተትም፣ ዕንቁላልም የሌለበት ነው፤ ይህ በየቀኑ መገኘቱን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ልጅም አዳራሹ በዚያ ሰዓት ክፍት መሆኑን ጠይቁ። በብዙ ኮሌጆች በማደሪያ የሚኖር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የምግብ ክፍያ ግዴታው ነውና፣ የሚበላው ሳያገኝ እየከፈለ እንዳይከርም መጠየቁ ነውር አይደለም። ለእሑድ ቅዳሴ መኪና ለሌለው ልጅ ምን መጓጓዣ እንዳለም እዚያው ይታያል።

ከሁሉ የሚከብደው የገንዘብ ነገር ነው። በኮሌጁ መግለጫ የታተመው ዋጋና ቤተ ሰቡ በእርግጥ የሚከፍለው አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል የትምህርት ርዳታ የሚያገኙ ኮሌጆች ለቤተ ሰቡ የሚደርሰውን ዋጋ በግምት የሚያሰላ መሣሪያ በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያኖሩ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ከመንገድ በፊት ይህን በቤት መሥራት ይገባል። ከዚያም በግቢው ሳላችሁ ወደ ገንዘብ ርዳታ ቢሮ ግቡ፤ ስጦታው የትኛው ነው፣ ብድሩ የትኛው ነው፣ ስጦታውስ አራቱንም ዓመት ይቆያል ወይስ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ይቀራል ብላችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በብዙ ቤት አስተርጓሚው ራሱ ልጁ ነው። በሐኪም ቤትም በባንክም ሲያስተረጕም አድጓል። በዚህ ቢሮ ግን የሚያስተረጕመው የራሱን ምኞት ነው። ሹሙ «ይህ ክፍል በወላጅ ስም የሚወሰድ ብድር ነው» ሲል፣ ግቢውን የወደደ ልጅ ቃሉን አለስልሶ «ይረዱናል ነው የሚሉት» ይላል፤ ውሸታም ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ ነው። ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ዘመድ ወይም የንስሐ ልጆች ጓደኛ ይዞ መሄድ፣ ወይም ቢሮው አስተርጓሚ እንዲያዘጋጅ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ቍጥሩንም በወረቀት አስጽፉ።

የሁለት ዓመት ኮሌጅን መጐብኘት እንደ ውርደት የሚያዩ አሉ፤ እኛ አንስማማም። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለቤታቸው ቅርብ የሆነ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በቨርጂኒያም የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመሩት «አድቫንስ» የተባለ መርሐ ግብር ተማሪውን ከመጀመሪያው ቀን ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያሻግረውን መንገድ ያሳየዋል። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት ይቻላል።

ዋሽንግተን የሚደርስ ደግሞ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲን ሳያይ አይመለስ። በ1867 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ ዶክተር መላኩ በያን በሕክምና የተመረቀው ከዚያ ነው። ልጁ እዚያ ባያመለክት እንኳ ከእርሱ በፊት ያለፈውን ያገሩን ልጅ ያስባል።

ወላጆች አንድ ሕግ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ልጁ ኮሌጅ ከገባ በኋላ የትምህርት መዝገቡ መብት የራሱ ነው፤ ኮሌጁ ያለ ልጁ ፈቃድ ውጤቱን ለአባቱ ለመንገር አይገደድም። በሁለተኛ ደረጃ እንደ ለመዳችሁት መምህሩን ጠርቶ መጠየቅ እዚያ የለም። ይህን ከልጁ ጋር በመንገድ ላይ፣ መኪናው ውስጥ፣ በእርጋታ መነጋገር ይቻላል።

ሁለተኛው ጉብኝት በአፕሪል ወር ነው፤ ኮሌጆቹ የተቀበሏቸውን ተማሪዎች የሚጠሩበት ቀን አላቸው። ያን ጊዜ የርዳታው ደብዳቤ በእጅ ስለ ሆነ ጥያቄው በቍጥር ይሆናል። አብዛኞቹ ኮሌጆች መልስ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው፤ ይህም ቀን አንዳንድ ዓመት በሰሙነ ሕማማት ላይ ይወድቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከቀዳም ሥዑር ጋር ገጥሞ ነበር። እንዲህ ባለው ዓመት ጉብኝቱንም የቤተ ሰቡንም ምክር ከሆሣዕና በፊት ጨርሱት።