ለአለቃው ዲግሪ፣ ለአስር አለቃው ጥበቃ

እስቲ አንድ ቀን ከሚሴን ከላይ እስከ ታች በእግራችሁ አቋርጧት። ብዙም አያደክምም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት መሀሏን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ባንኩን፣ ሆቴሉን፣ ማደያውን፣ የግል ኮሌጁን እያያችሁ በር በሩን ብቻ ተከተሉ። በሩ ላይ የተቀመጡትን ሰውዬ ሰላምታ ሰጥታችሁ "ድሮ ምን ይሠሩ ነበር?" በሏቸው። ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ ወታደር። የሚለያየው የየትኛው ዘመን ወታደር የሚለው ብቻ ነው።

ጥበቃ መሆን ነውር ነው እያልኩ አይደለም፤ በላብ የተገኘ እንጀራ ነው። እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። እኚህ ሰው የኮሌጁን በር ሌሊቱን ሙሉ እንዲጠብቁ ይታመናሉ። በሩን አልፌ ክፍል ውስጥ ልቀመጥ ያሉ ዕለት ግን ይሳቅባቸዋል። እኔ በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ (ስሙ ይቆየን) አንድ የማታ ተማሪ የቀድሞ ወታደር ነበሩ። ሬጅስትራር ሰልፍ ላይ ቆመው ሠራተኛዋ "አባባ፣ የልጅዎን መታወቂያ ይዘዋል?" ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የያዙት መታወቂያ የራሳቸው ነበር። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ለዚህ ደግሞ ተረት አናጣም፦ "ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።" ጥሩ ተረት ነው። ግን ማነው ያደረቀው? ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅን ሲያወጣ የፈለገው ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ነበር። እንግዲህ ርጥቡ እንጨት ያኔ ነው የተወሰደው! ግንቦት 1983 ላይ ያ ሠራዊት ሲበተን 455 ሺህ ያህል ሰው "በል ወደ ቤትህ" ተባለ። ገበሬ የነበረው መሬት ካገኘ ወደ እርሻው ተመለሰ። ደብተሩን እንደያዘ የታፈሰውስ ወዴት ይመለስ? ወደ ዴስኩ? ዴስኩ ላይ እኮ ሌላ ልጅ ተቀምጧል።

"ጫካና ክፍል አይገናኙም" የምትሉ ካላችሁ ምስክር ልቁጠርላችሁ። አቶ መለስ ዜናዊ የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው በረሃ ገቡ። ከበረሃ ወጥተው፣ አገር እየመሩ፣ ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤ ያዙ፤ ኋላም ከሆላንዱ ኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ማስተርስ ጨመሩ። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ስንቱን ታጋይ ባለዲግሪ አደረገ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በልጅነታቸው በገቡበት ሠራዊት እስከ ሌተና ኮሎኔልነት ደርሰው፣ በ2009 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ተቀበሉ። በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴርን የተረከቡት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋም በወጣትነታቸው አሲምባ የወጡ ሰው ናቸው።

እሰየው! አንዳቸውንም አልቃወምም። እንዲያውም ጠመንጃ የያዘ እጅ እስክሪብቶም እንደሚይዝ ያረጋገጡልኝ እነሱ ናቸው። ጥያቄዬ ይቺ ናት፦ ለአለቃው የተከፈተው በር ለአስር አለቃው ለምን ይዘጋል?

ኅዳር 2017 ላይ የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን መቀሌ ላይ ሥራ ሲጀምር፣ በአገሪቱ ወደ መደበኛ ኑሮ ይመለሳሉ የተባሉት የቀድሞ ተዋጊዎች ቁጥር 371,971 ነበር። ሦስት መቶ ሰባ አንድ ሺህ! እኛ አገር ግን "መልሶ ማቋቋም" ሲባል በዓይናችን የሚመጣው የጥቂት ቀን ሥልጠና፣ መቋቋሚያ ብር፣ ከዚያ ዶሮና የልብስ ስፌት ነው። ዶሮም ስፌትም ክብር ይገባቸዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ግን ኢንጂነር፣ ነርስ፣ አስተማሪ መሆን የሚችል አንድም የለም ብሎ የወሰነው ማነው?

"ቦታ የለም" የሚሉን አሉ። ወገን፣ እንተዋወቅ እንጂ! በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ "ሬሜዲያል" የሚባል ሁለተኛ ዕድል መጣ። ደግ አደረጉ። ለ18 ዓመቱ ልጅ ሁለተኛ ዕድል ከተገኘ፣ የመጀመሪያውንም ዕድል ላላየው የ35 ዓመት ሰው እንዴት ይጠፋል?

አሜሪካኖቹ ይህን ክርክር ከሰማንያ ዓመት በፊት ጨርሰውታል። እ.ኤ.አ. በ1944 ጂአይ ቢል የሚባለውን ሕግ ሲያወጡ፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ሮበርት ሀቺንስን የመሳሰሉ ትልልቅ ምሁራን "ትምህርቱ ይረክሳል" ብለው ነበር። ከሁለት ሚሊዮን በላይ የጦርነቱ ተመላሾች ኮሌጅ ገቡ። ትምህርቱ አልረከሰም። ረብሻ ይፈጥራሉ የተባሉት ሰዎች ሚስትና ልጅ ይዘው መጥተው፣ ከልጆቹ እኩል፣ አንዳንዴም በልጠው ተማሩ።

አሁን ወደ ከሚሴ ልመልሳችሁ፤ እዚህ ነገሩ ይከብዳል። በቅርብ ያሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያለው ወሎ፣ በዚያ በኩል ደግሞ ደብረ ብርሃን ናቸው። ቀን ሠርቶ ማታ ኮምቦልቻ ለመማር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ፣ በሌሊት ደግሞ ያንኑ መመለስ ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ። ቋንቋውስ? በዞኑ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ፊደል ይቆጥራል፣ ሠራዊት ውስጥ በአማርኛ ይታዘዛል፣ ዩኒቨርሲቲ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት ድልድይ! ድልድዩን ሳትሠራ "ለምን አልተሻገርክም?" ማለት ሹፈት ነው።

"ከሚሴ ወታደር የሚባል ሰልችቷታል" የሚል ሰውም አይጠፋም። እረዳዋለሁ። በ2011 እና በ2013 ከአጣዬ እስከ ከሚሴ የፈሰሰውን ደም፣ በ2014 ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ መግባቱን ማንም አልረሳም። ስለ ጥፋት የሚጠየቅ ይጠየቅ፤ ትምህርት ምሕረት አይደለም። ግን አስቡት፦ ትጥቁን የፈታ፣ ሥራ ያጣ፣ ከጠመንጃ ሌላ ሙያ የማያውቅ ጎልማሳ ዳግም "ና" የሚለው ሲመጣ ምን ይላል? ነገ ፈተና ያለበት ሰው ግን "ቆይ፣ ልጨርስ" የሚልበት ምክንያት አለው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። አንድ፣ ለቀድሞ ወታደር ዕድሜ የማይጠይቅ የራሱ የመግቢያ ፈተናና የዝግጅት ዓመት ይኑር። ሁለት፣ የማታና የርቀት ትምህርት ክፍያው ይነሳለት፤ ከጥበቃ ደሞዝ ላይ የክሬዲት ሰዓት መክፈል ቀልድ ነው። ሦስት፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ከሚሴ ላይ የማታ ማዕከል ይክፈቱ። ሕንፃ አልጠየቅንም፤ ትምህርት ቤቶቹ ማታ ባዷቸውን ነው የሚያድሩት።

ብዙ ነው የምትሉ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ። ሰውዬውን ግንባር ስትልኩት ትራንስክሪፕት አልጠየቃችሁትም።

ቸር ይግጠመን።