የትራኩ ማጣሪያ ጥቀርሻውን ያቃጥል፤ ግን በቦታውና በሰዓቱ



እንደሚታወቀው፣ በዚህ በሲልቨር ስፕሪንግ በሾፌርነት የሚተዳደረው ወገናችን ብዙ ነው። ትናንት ታክሲ ይነዳ የነበረው ዛሬ የጭነት ትራክ ገዝቶ የራሱ ጌታ ሲሆን ማየት ደስ ያሰኛል፤ እኛም እሰየው ብለን መርቀናል። ይሁን እንጂ ባለፈው ወር በግቢያችን የመኪና ማቆሚያ የሆነውን አይተን ዝም ማለቱ ስላላስቻለን፣ ይህን አስተያየት በሰሌዳው ላይ ለማውጣት ተገደናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወንድማችን ያገለገለ ባለሣጥን የናፍጣ ትራክ ከገዛ ገና ሁለት ወሩ ነው። ዕቃ ሲያድል ውሎ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ወደ ግቢ ሲገባ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ፤ ከጭስ ማውጫውም የሚጋረፍ ትኩስ አየርና የሚያፍን ሽታ ይወጣ ጀመር። ከየመስኮቱ «ኧረ መኪናህ ሊቃጠል ነው! አጥፋው እንጂ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሰውየውም ደንግጦና አፍሮ አጠፋው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ አሁንም አጠፋው። በሳምንቱ መኪናው ጭነት እንደያዘ አውራ ጎዳና ላይ ጉልበት አጣ፤ ተጎትቶም ጋራዥ ገባ። የመኪናው ዕዳ ግን ጋራዥ ገባሁ ብሎ አይጠብቅም፤ የወሩ ክፍያ ቀኑን ጠብቆ መጣ።

በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የሁላችንም ነው። እሱ ምልክቱን ማንበብ አላወቀም፤ እኛ ደግሞ ያላወቅነውን ነገር እንዲያቋርጥ አስገደድነው። መኪናው ያን ጊዜ ሲሠራ የነበረው የተለመደ ሥራውን ነው።

ሥራው ምንድን ነው? ናፍጣ ሲቃጠል ጥቀርሻ ያወጣል፤ ያገር ቤት ማድ ቤት ጣራ ላይ የምናውቀው ዓይነት፣ ግን እጅግ የደቀቀ። ይህ ደቃቅ ጥቀርሻ እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍልም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ወስኗል። አሜሪካ ከ2007 ሞዴል ጀምሮ ለከባድ መኪኖች ያወጣችው ደንብ የሚፈቀደውን የጥቀርሻ መጠን በ90 በመቶ ቀነሰ፤ በናፍጣው ውስጥ የሚፈቀደው ድኝም ከሚሊዮን 500 እጅ ወደ 15 እጅ እንዲወርድ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ትራኮች ጭስ ማውጫቸው ላይ የሸክላ ማጣሪያ ተገጥሞላቸዋል። ጋዙ በቀዳዳማው ግድግዳ አልፎ ይወጣል፤ ጥቀርሻው እዚያው ይቀራል።

የተጠራቀመ ነገር ደግሞ መጥረግ ይፈልጋል። ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው ጥቀርሻውን በማቃጠል ነው፤ ይህም በሦስት መንገድ ይሆናል። አንደኛው ሾፌሩ ሳያውቀው የሚሆነው ነው፤ መኪናው ጭኖ በረጅም ጎዳና ሲሄድ የጭሱ ሙቀት ስለሚበቃ ጥቀርሻው በየጊዜው ይነዳል። ሁለተኛው፣ ይህ ሳይበቃ ሲቀር፣ ኮምፒውተሩ በጭሱ መንገድ ላይ ጥቂት ናፍጣ እንዲረጭ አዝዞ ማጣሪያውን ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያደርሰዋል። ይህ ከእንጀራ ምጣድ ሙቀት ከእጥፍ በላይ ነው። ሦስተኛው፣ ሁለቱም ሳይሳኩ ሲቀሩ፣ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጎና የእጅ ፍሬን ይዞ፣ በማብሪያው ራሱ የሚያስጀምረው ነው። ይህኛው ብዙውን ጊዜ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

እንግዲህ ከረጅም ጎዳና ሹፌር ይልቅ የሚቸገረው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ከሱቅ ሱቅ እየቆመ የሚያድለው፣ ሞተሩን እያስነሣ ቁጭ ብሎ ስልክ የሚያወራው፣ አጭር አጭር መንገድ የሚመላለሰው ነው። የእሱ ማጣሪያ ሳይግል ይሞላል። ስለዚህ ለአዲስ ባለትራኮቻችን የምንለው ይህ ነው።

የማጣሪያው መብራት ሲበራ ናቅ አድርጋችሁ አትለፉት። ቢቻል በዚያው ቀን ጊዜ ወስዳችሁ በአውራ ጎዳና ላይ ሳታቋርጡ ንዱ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ጊዜው እያለቀ ነው፤ የሞተሩም መብራት ከተጨመረና ጉልበት ከቀነሰ ጉዳዩ ወደ ጋራዥ እየሄደ ነው። የተጀመረውን ማቃጠል ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር በመሐል አታቋርጡ። በአንዳንድ ሞተሮች ናፍጣው የሚረጨው ሲሊንደር ውስጥ ስለሆነ፣ እየጀመሩ ማቋረጥ ናፍጣውን ከሞተር ዘይቱ ጋር ያቀላቅለዋል። የዘይቱ መጠን ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ካያችሁ ይህንኑ ጠርጥሩ።

ሌላው፣ መኪናው በየቀኑ አቃጥሉልኝ የሚል ከሆነ ማጣሪያውን ብቻ አትውቀሱ። የሚያፈስ ኢንጀክተር፣ የተቀደደ የቱርቦ ቱቦ ወይም የተበላሸ ሴንሰር ጥቀርሻውን እያበዛው ሊሆን ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ምክንያቱን ቀድሞ መፈለጉ ይረክሳል። እንዲሁም ጥቀርሻ ይቃጠላል እንጂ አመድ ዳግመኛ አይነድም። አመዱ የሚመጣው ከሞተር ዘይቱ ስለሆነ፣ በመመሪያው የታዘዘውን አመዱ አነስተኛ የሆነ ዘይት መጠቀም፣ ማጣሪያውንም አምራቹ በወሰነው ጊዜ አስፈትቶ ማስጠረግ ግድ ነው። ያገለገለ ትራክ የምትገዙም ማጣሪያው መቼ እንደተጠረገ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ምን አስጨነቀህ፣ ቆርጠህ ጣለው፣ ትገላገላለህ» የሚሉ መካሪዎች አይጠፉም። ማጣሪያውን አውልቆ ባዶ ቱቦ መግጠም ማለታቸው ነው። ይህን ምክር አጥብቀን እንቃወማለን። በመጀመሪያ የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ይከለክለዋል። ጭነት ይዞ ካሊፎርኒያ የሚዘልቅ ደግሞ የሌላ ግዛት ታርጋ ቢኖረውም እዚያ የጭስ ምርመራ ደንብ ይጠብቀዋል። ከሕጉ ይልቅ የሚከብደን ግን ሌላ ነው። በዚሁ ግቢ አስም ያለበት ልጅ በመስኮቱ አጠገብ ይተኛል። ያን ምሽት ሽታው ያስቆጣን ሰዎች ማወቅ ያለብን፣ የሸተተን ነገር የማጣሪያው ጽዳት እንደነበረ ነው። ማጣሪያው የተቆረጠ መኪና በየምሽቱ ጸጥ ብሎ ገብቶ ጸጥ ብሎ ይወጣል፤ ጥቀርሻውን ግን በየቀኑ ለልጁ ሳንባ ትቶ ይሄዳል። ማናችንም መስኮት ከፍተን አንጮህበትም። የትኛው እንደሚከፋ አንባቢ ይፍረድ።

ይህን ስንል ባለትራኮች እንዳሻቸው ይሁኑ ማለታችን አይደለም። የጋለ ጭስ ማውጫ ደረቅ ሣርና ቅጠል ሊያስነሣ ይችላል፤ አጠገቡ የሚሮጥ ሕፃንም ሊያቃጥል ይችላል። ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር፣ በእኩለ ሌሊት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሞተር ማስጮህ የጎረቤት ወግ አይደለም። በሜሪላንድም የቆመ መኪና ሞተር፣ በሕጉ ከተዘረዘሩት ልዩ ምክንያቶች በቀር፣ በተከታታይ ከ5 ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ ተደንግጓል።

ስለሆነም በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ የሚከተለው እንዲወሰን ሐሳብ እናቀርባለን። ቆሞ የማቃጠል ሥራ በግቢያችን ከሕንፃው ሥር ቀርቶ፣ የግድ ሲሆን ብቻ፣ በማቆሚያው የታችኛው ጫፍ ሣርና ዛፍ በሌለበት ባዶ አስፋልት ላይ፣ በቀን፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ልጆችን እየጠበቀ ይሁን። ነዋሪው ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ መጀመሩን ሲያይ ከመጮህ በፊት ወርዶ ይጠይቅ። ነባር ሹፌሮቻችንም አዲስ ለሚገዛ ወንድም ወይም እኅት የመብራቶቹን ትርጉም ቢያስረዱ ቡና እየጠጡ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ያ ወንድማችን መኪናውን አስጠግኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። አሁን መብራቱ ሲበራ ከሥራ መልስ አውራ ጎዳናውን ይዞ ዞሮ ይመጣል። ዘግይቶ ሲገባ ያየነው እንደሆነ የት ዋልክ አንበለው፤ የልጆቻችንን አየር ሲያጸዳ ነው የቆየው።