ሹሙ ሲጣላ ሌባ፣ ገበሬው ሲጮህ ሽፍታ!

በአገራችን የሙስና ታሪክ ውስጥ አንድ የማይዛነፍ ሕግ አለ። ሹም ሌባ መሆኑ የሚታወቀው ከአለቆቹ ጋር ሲጣላ ብቻ ነው። እስኪጣላ ድረስ ታጋይ ነው፣ ልማታዊ ነው፣ የሕዝብ ልጅ ነው። በተጣላ ማግስት ግን ቤቱ ይበረበራል፣ የባንክ ደብተሩ ይቆጠራል፣ ቴሌቪዥኑም ዘጋቢ ፊልም ይሠራለታል። ሲሰርቁ ያልተጣሉት ሲካፈሉ ይጣላሉ፤ እኛ ደግሞ ዳር ቆመን "እሰይ! ፍትሕ መጣ" ብለን እናጨበጭባለን።

እኔ ግን ማጨብጨቡ ሰልችቶኛል። የጎጃም ልጅ ነኝ። ዘመዶቼ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለው ገጠር በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ እያመረቱ የሚኖሩ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ትልቅ ሌባ ተያዘ በተባለ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ ይህ ሰው በመያዙ ለቡሬ ገበሬ ምን ተመለሰለት? እስከ ዛሬ መልስ የሰጠኝ የለም። እስቲ ዘመኑን አብረን እንቁጠረው።

በጥቅምት 1989 ዓ.ም. የያኔው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ታምራት ላይኔ ከሥልጣን ተነሱ። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። የአማራን ገበሬ እወክላለሁ የሚለው የብአዴን ዋና ሰውም እርሳቸው ነበሩ። ፓርላማ ፊት ቆመው ጥፋታቸውን አመኑ። በ1992 ዓ.ም. የ18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፣ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ተፈቱ። ደህና፣ ሕግ ሠራ እንበል።

በዚያው በ1989 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ምን ይደረግ ነበር? ክልሉ ዐዋጅ ቁጥር 16ን አውጥቶ የመሬት ሽግሽግ ይዞ ነበር። ገበሬው በደርጃ ተከፋፈለ። አንዱ "የፊውዳል ርዝራዥ" ተባለ፤ ሌላው፣ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ወይም ጸሐፊ ወይም ሚሊሺያ የነበረው፣ "ቢሮክራት" ተባለ። ቢሮ ገብቶ የማያውቅ ቢሮክራት! በባዶ እግሩ የሚያርስ፣ ደመወዝ በልቶ የማያውቅ፣ ቀበሌው ስለመረጠው ብቻ ያገለገለ ሰው ቢሮክራት ተብሎ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተፈረደበት። ሌላው ግን እስከ 12 ጥማድ መያዝ ይችል ነበር። ገበሬዎቹ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት አሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሰልፍ ወጡላቸው። ሽግሽጉ ግን ቀጠለ። እውነተኛው ቢሮክራት በአንድ ጉዳይ ሲታሰር፣ የእሱ ድርጅት ቢሮክራት ያለው ገበሬ መሬቱን ተነጠቀ። ይሄ የዝንጀሮ ፍርድ ካልሆነ ምን ይባላል?

ቀጥለን 1993ን እንይ። ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። ከተሸነፈው ወገን አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰሱ። የፀረ ሙስና ኮሚሽን በዚያው ሰሞን ተቋቋመ። ዳኛዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ ብትል ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተመልሰው ተያዙ፤ ፓርላማውም በሙስና የተከሰሰ ዋስ አይኖረውም የሚል ሕግ በጥድፊያ አወጣ። አያችሁ፣ መንግሥት ሲፈልግ ሕግ በቀናት ውስጥ ይወጣል።

ለገበሬው ሲሆን ግን ሕጉ የት ይገባል? በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ እንደ ልብ ተመረተ። ማዳበሪያ ውሰድ፣ ምርጥ ዘር ውሰድ የተባለው ገበሬ የታዘዘውን ፈጽሞ ነበር። ምርቱ ሲትረፈረፍ ገበያው ወደቀ፤ የኩንታሉ ዋጋ ወጪውን እንኳ አልሸፍን አለ። የማዳበሪያ ዕዳው ግን አልወደቀም። መክፈል ያቃተው በሬውን ሸጠ፣ ያልሸጠውም ታሰረ። ለጥቂት መቶ ብር ዕዳ ገበሬ የሚያስር አገር፣ ገበያውን ሳያዘጋጅ አምርት ያለውን ባለሥልጣን "ና ወዲህ" ያለበት ቀን አላየሁም። በ1995 ደግሞ ይህቺው አገር ወደ 14 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የእህል እርዳታ ለመነች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይሄ ነው።

በግንቦት 2005 የገቢዎችና ጉምሩክ ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ ታሰሩ። አምስት ዓመት በእስር ቆይተው፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ በግንቦት 2010 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። ሌባ ከነበሩ ለምን ተፈቱ? ካልነበሩስ አምስት ዓመት ለምን ታሰሩ? መልስ የለም። በኅዳር 2011 ደግሞ ተራው የሜቴክ ሆነ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሜቴክ በስድስት ዓመት ውስጥ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጸመ ብለው ነገሩን። በዚያ ሁሉ ወሬ መሀል ግን ጎጃምን የሚመለከተው ጉዳይ ቶሎ ተረሳ። ያዩ ላይ ይሠራል የተባለው የማዳበሪያ ፋብሪካ የዚሁ የሜቴክ ሥራ ነበር። በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ ያመርታል ተብሎ ቢሊዮን ብር ፈሰሰበት፤ አንድ ኩንታል ሳያመርት ቆሞ ቀረ። በነሐሴ 2017 ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ለመሥራት ስምምነት ተፈርሟል። ይሁን፣ እግዜር ያሳካው። ግን የያዩው ገንዘብ የት ገባ ብሎ የጠየቀ አለ?

ማዳበሪያ ለከተሜው የዜና ቃል ነው። ለገበሬው ግን ቀን የተቆረጠለት ነገር ነው። በቆሎ ሲዘራ አብሮ የሚገባው አለ፤ ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ የሚጨመረው ዩሪያ አለ። ሁለት ሳምንት ከዘገየ ክረምቱ አይጠብቅም። ይህ ከረጢት ከውጭ የሚገዛው በመንግሥት ነው፤ ከጅቡቲ ተጭኖ፣ በዩኒየን መጋዘን አልፎ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ቀበሌ ይደርሳል። ከላይ እስከ ታች አንድ በር ብቻ ነው ያለው። በሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ስም ዝርዝሩን የያዘው ነው። "አንተ መዋጮ አልከፈልክም፣ አንተ ስብሰባ አልመጣህም፣ አንተ ቆይ" ይላል። አጎቴ በ2015 ክረምት አንድ መጋዘን ደጃፍ ሰልፍ ይዞ ሰነበተ። "አልቋል" ተባለ። ያ አልቋል የተባለው ማዳበሪያ በማታ፣ በጓሮ በር፣ በእጥፍ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ቡሬ ላይ ትልቅ የኢንዱስትሪ ፓርክና ፊቤላ የሚባል ግዙፍ የዘይት ፋብሪካ ቆመዋል። እሰየው፣ ሥራ ነው። ግን የእርሻ ውጤት ያቀነባብራል የተባለ ፓርክ ጎን የሚያርሰው ገበሬ አንድ ከረጢት ዩሪያ ካጣ፣ ፓርኩ ምኑን ሊያቀነባብር ነው?

ነገሩ የገረመኝ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ መቋቋሙ ነው። ሰብሳቢው የያኔው የደኅንነት ኃላፊ አቶ ተመስገን ጥሩነህ ነበሩ። ኮሚሽን እያለ ኮሚቴ! ኮሚቴው ከላይ ሲወርድ፣ ስርቆቱ ከታች እንደቀጠለ ነበር። ሰኔ ላይ የክልሉ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ ወጡ። ሐምሌ ላይ ተኩስ ነበር። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሑድ፣ ፍኖተ ሰላም ከአየር ተደበደበች፤ ቢያንስ 26 ሰው አለቀ። የከተማዋ ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው።

ጦርነቱን የወለደው ማዳበሪያ ብቻ ነው አላልኩም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ጠመንጃ ስለያዘም ሁሉ ጻድቅ ነው አላልኩም። ገበሬው በሁለት ጠመንጃ መሀል ቆሞ፣ መንገድ ሲዘጋ ማዳበሪያው የሚቀርበት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁ የምትቀርበት እሱ ነው። የምለው ይሄን ነው፤ አቤት የሚባልበት በር ሁሉ ከተዘጋ ሰው ሌላ በር ይፈልጋል።

ይህንንም ጎጃም ዛሬ አልጀመረችውም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ገበሬው ሲነሳ የጃንሆይ መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ልኮ ነበር። በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሱ፣ የከረመ ግብርም ተማረ። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይባል በነበረበት ዘመን አንድ አገረ ገዢ በገበሬ ጩኸት ተሻረ። አሁን ንጉሥ የለም፣ ሕገ መንግሥት አለ፣ ምርጫ አለ ይባላል። ታዲያ የትኛው ሹም ነው በገበሬ ክስ የወረደው? አንድ ጥሩልኝ! ከላይ የቆጠርኳቸው ሁሉ የወረዱት በአለቆቻቸው ክስ ነው። ዛሬ የማይከሰሰው ንጉሡ ብቻ አይደለም፤ የመጋዘን ቁልፍ የያዘውም አይከሰስም።

ስለዚህ ሌላ ኮሚቴ አታቋቁሙልን። ዘጋቢ ፊልምም ይቅርብን። ለቀበሌው ስንት ኩንታል እንደመጣና ማን ስንት እንደወሰደ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ። ወጪው የአንድ ወረቀትና የአራት ምስማር ነው። የተበደለ ገበሬ የወረዳ ሹሙን ከሶ፣ በማግስቱ "ፀረ ልማት" ወይም "ሽፍታ" ሳይባል ቤቱ ይደር። ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ፓርላማ ላይ የሚያነበው የጎደለ ገንዘብም ባለቤቱ ተጠርቶ ይጠየቅበት እንጂ ተነብቦ መደርደሪያ አይውጣ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ያሉት አባቶቻችን ሹሙን ለመምከር አልነበረም፤ እኛን ለማስጠንቀቅ ነበር። የበላውን የምናውቀው ሲሻር ብቻ ከሆነ፣ ያልተሻሩት ስንት እየበሉ እንደሆነ እናንተው ገምቱት።