ሞንታርቦ ከመግዛታችን በፊት

ለሐዘኑም ለሰርጉም እንዲያገለግል ሁለት ተጨማሪ ሞንታርቦ ይገዛ የሚል ሐሳብ ከአባላት ቀርቧል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ከየቤታችን የተዋጣ ስለሆነ አስቀድመን እናጣራ።

በእጃችን ያሉት ሁለቱ እያንዳንዳቸው 8 ኦም ናቸው። በፓራለል ሲቀጠሉ 4 ኦም ይሆናሉ። አምፕሊፋየራችን ደግሞ ከ4 ኦም በታች አይችልም፤ ከኋላው ተጽፏል። ተመሳሳይ ሁለት ብንጨምርበት 2 ኦም ይሆንና ማሽኑ ግሎ ሊቃጠል ይችላል። እንግዲህ ሞንታርቦ ብቻውን መግዛት ያለውንም ማጣት ነው፤ የራሱ አምፕሊፋየር አብሮ ይታሰብበት።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውም ዋት አያታልለን። ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚችለው ነው። መጠየቅ ያለብን ሳያቋርጥ የሚሸከመውን፣ አር ኤም ኤስ የሚባለውን ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ ጭማሪው 3 ዴሲቤል፣ ለጆሮ ጥቂት ነው።

እስከዚያው ማሽኑን የምትዋሱ ሁሉ፣ ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ቶሎ ቀንሱ። ከአቅሙ በላይ የተጫነ አምፕሊፋየር ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል ያቃጥላል።

ሙያው ያላችሁ ወጣቶች ከገዢዎቹ ጋር አብራችሁ ሂዱልን። የጋራ ንብረት የጋራ ዓይን ይፈልጋል!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት