ጥቁሩን ወይስ ነጩን?



ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንዲት እናት ልጃቸውን አስከትለው ወደ እኔ መጡ። በሰሊጥ አረምና አጨዳ ለፍተው ያጠራቀሙትንና እህታቸው ከአዲስ አበባ የላኩላቸውን ደምረው ለልጁ ታብሌት ሊገዙ ቆርጠዋል። ገዳሪፍ ገበያ ወርደው ሁለት አይተዋል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ሻጩ «ጥቁሩ ይሻላል» ብሎ ዋጋ ጨምሮበታል። ልጁ ጥቁሩ ካልሆነ አልፈልግም ይላል። እናቱ ደግሞ ነጩ ረከስ ይላል፤ ለዓይንም ያምራል ይላሉ። ሁለት ቀን ተኳርፈዋል። «እስቲ መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ የእነርሱ ብቻ አለመሆኑን ስለማውቅ ፍርዴን በዚህ ገጽ ለሁላችሁም መስጠት ፈለግሁ። በበኩሌ ቀለም መጠየቅ ያለበት መጨረሻ ላይ ነው እላለሁ። ምክንያቴን ልዘርዝር።

በመሠረቱ የጥቁርና ነጭ ክርክር በእኛ አልተጀመረም። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው አይፓድ ፊቱ ጥቁር ብቻ ነበር። በመጋቢት 2011 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው በጥቁርም በነጭም ሲወጣ ገንዘብ የተረፈው ዓለም ሁሉ «የትኛው ያምራል?» እያለ ተከራከረ። ዛሬ ግን የአብዛኞቹ ታብሌቶች ፊት ጥቁር ነው፤ ቀለማቸው የሚለያየው በጀርባቸው ነው። ተማሪ ሲያነብ ደግሞ ጀርባውን አያየውም። ታዲያ ለማይታይ ነገር ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ምን ይባላል?

ሆኖም ቀለም ምንም ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም። በእኛ አካባቢ አንድ እውነተኛ ሥራ አለው፤ እርሱም ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪዎች፣ ይህን ራሳችሁ ሞክሩት። ሁለት እኩል የሆኑ ባዶ ጣሳዎች ፈልጉ። አንዱን በከሰል አጥቁሩት፤ ሌላውን በኖራ ወይም በነጭ ወረቀት ሸፍኑት። እኩል ውኃ ሞልታችሁ ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት አቆዩአቸው። ከዚያ ጣታችሁን ብትነክሩ የጥቁሩ ውኃ ይበልጥ ሞቆ ታገኙታላችሁ። ጥቁር የፀሐይን ብርሃን ስለሚውጥ፣ ነጭ ግን ብዙውን ስለሚመልስ ነው። በማግስቱ ሁለቱንም ጣሳዎች ራኩባ ሥር፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡና ድገሙት። ያን ጊዜ ልዩነቱ የለም ለማለት ይቻላል።

እንግዲህ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ታብሌትን የሚያድነው ነጭነቱ ሳይሆን ጥላው ነው። አፕል ለአይፓድ ያወጣው መመሪያ መሣሪያው የአካባቢው ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይበልጥ እንዲሠራበት ይመክራል። ገዳሪፍ በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ መድረሱን ቆዳችን ያውቀዋል። በዚያ ሙቀት ነጩም ጥቁሩም ፀሐይ ላይ ከተተወ ይጎዳል፤ የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ያረጃልና።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ ከጥቂት ጊዜ በፊት ለልጆቼ መልኩን አይቼ አንድ ታብሌት ገዛሁ። ሶላሩን ጣሪያ ላይ አድርጌ፣ ታብሌቱንም አጠገቡ አስቀምጬ ቻርጅ አደርግ ነበር። ጥቂት ወራት እንደቆየ ባትሪው አበጠና ስክሪኑን ከቦታው አነሳው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሶላሩ ፀሐይ ላይ ይሁን፤ ታብሌቱ ግን በረጅም ሽቦ ጥላ ውስጥ ይሁን። ባትሪ ያበጠበት ዕቃ ካላችሁ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ዳግም ቻርጅ አታድርጉት፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላልና ከሕፃናት አርቃችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

ጥቁርና ነጭ ሌላም ቦታ ላይ ይመጣል። አንዳንድ ተማሪዎች ስክሪኑን ጥቁር፣ ፊደሉን ነጭ ሲያደርጉ ባትሪ የሚቆጥቡ ይመስላቸዋል። ኦሌድ በሚባለው ስክሪን ላይ ይህ እውነት ነው፤ እዚያ ጥቁሩ ቦታ መብራቱ ይጠፋል። በርካሽ ታብሌቶች ላይ ያለው ስክሪን ግን ብዙውን ጊዜ ኤልሲዲ ሲሆን፣ ጥቁር ቢያደርጉትም ከኋላ ያለው መብራት መብራቱን አያቆምም። ባትሪ መቆጠብ ከፈለጋችሁ ብርሃኑን ቀንሱ። ቀን በደጅ ስታነቡ ደግሞ ነጭ ገጽ ላይ ያለ ጥቁር ፊደል ለዓይን ይቀላል።

ታዲያ ከቀለም በፊት ምን እንጠይቅ? ወላጆች ሆይ፣ ገበያ ስትሄዱ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እነዚህንም አብራችሁ ፈትሹ።

አንደኛ፣ ታብሌቱን በጀርባው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ከተወዛወዘ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሴቲንግ ከፍታችሁ ባዶው ቦታ ስንት ጊጋ እንደሆነ አንብቡ። 16 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ብዙው ቦታ በራሱ ፕሮግራም የተያዘ ነው። ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል መሆኑንም ጠይቁ። ሦስተኛ፣ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ክፈቱበት። በፊደል ፋንታ ባዶ ሣጥን ከታየ ለእኛ አይሆንም። አራተኛ፣ ቻርጅ የሚሰካበትን ቀዳዳ ሞክሩት፤ ከላላ አቧራችን ይጨርሰዋል።

የባዶ ቦታው ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር የመማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ ይገኛሉ። ነገር ግን ኔትወርክ ሲኖር አውርደን ካላስቀመጥናቸው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ ሳቢያ በሱዳን አብዛኛው ክፍል ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ በእጁ ያስቀመጠ ያነበበውን አነበበ፤ ያላስቀመጠ ባዶ ስክሪን ያዘ።

ታብሌት በችግር ቦታ ምን ሊሠራ እንደሚችል ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ለማይማሩ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ አደለ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በሁለት ሳምንት ውስጥም ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር። ሁለተኛው ምሳሌ ከዚሁ ከሱዳን ነው። ዋር ቻይልድ የተባለው የሆላንድ ድርጅት ከአህፋድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ ትምህርት ቤት ያላገኙ ልጆችን በታብሌት ጨዋታ ሒሳብ አስተምሯል። የገዳሪፍ ክፍለ ግዛት መንደሮችም ነበሩበት። ልጆቹ የተጠቀሙት በውስጡ ትምህርት ስለተጫነበት፣ ባትሪውም ስለተሞላ ነው።

ተማሪዎች፣ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ያ ገንዘብ ከሰሊጥ ማሳ የመጣ ነው። እናታችሁ በጎንበስ ብለው የዋሉበትን ቀን ቆጥራችሁ ከዚያ በኋላ ስለ ቀለም ተናገሩ። ወላጆችም የልጃችሁን ፍላጎት አትናቁ። ከጓደኞቹ እኩል ለመታየት መፈለጉ የልጅነት ነው፤ ብዙ ነገር በተጎደለበት ኑሮ ደግሞ ይበልጥ ይሰማዋል። ሁለቱ ዕቃዎች በሁሉም ነገር እኩል ከሆኑ፣ ዋጋቸውም አንድ ከሆነ፣ ቀለሙን ልጁ ይምረጥ። ዋጋቸው ከተለያየ ግን ርካሹን ገዝታችሁ በተረፈው ሚሞሪ ካርድና ከቨር ጨምሩበት።

ለእነዚያ እናትና ልጅም የፈረድኩት ይህንኑ ነው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ከቨሩ ግን ጥቁር ቢሆንስ?» አለኝ። እናቱ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እኔም «ጥላ ውስጥ እስካስቀመጥከው ድረስ ይሁንልህ» አልኩት።

መልካም ንባብ ያድርግላችሁ።