ኮምፒውተር ቤት የሚያፈርሰው ኑዛዜ

አንድ አባወራ አሶሳ ውስጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ገባ እንበል። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ሰፋሪዎች ጋር በልጅነቱ የመጣ፣ በጓሮው ማንጎ ተክሎ ያሳደገ፣ የቆርቆሮ ቤት የሠራ ሰው ነው። ከደረት ኪሱ የደብተር ወረቀት አወጣ። ከላይ «ይህ ኑዛዜዬ ነው» ይላል፤ ከታች ቀንና ፊርማ አለበት፤ ሁሉም የገዛ እጁ ጽሑፍ ነው። «በወጉ አድርገህ ጻፍልኝ» አለ። ጸሐፊው በኮምፒውተር መታው፣ አተመው። አባወራው ፈረመ፣ ሁለት ጎረቤቶች በምስክርነት ፈረሙ፣ ቀበሌ ማህተም አደረገበት። የደብተሩ ወረቀት ተጨማዶ ወለሉ ላይ ቀረ።

በሕግ ዓይን ኑዛዜው ያ የተጨማደደው ነበር።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው በራሱ እጅ የሚጽፈውን ኑዛዜ ያውቀዋል። አንቀጽ 884 የሚጠይቀው ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ እንዲጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ እንዲናገር፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ እንዲኖርበት ነው። ምስክር አይፈልግም፣ ማህተም አይፈልግም፣ ጠበቃም አይፈልግም። ሌላ ሰው ሲጽፈው ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ አንቀጽ 881 ይመጣና አራት ምስክር ይላል። በተናዛዡና በአራቱም ፊት ይነበብ፣ መነበቡና ቀኑም እዚያው ላይ ይጻፍ፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርሙ ይላል። ካልሆነ ፈራሽ ነው። ሁለት ምስክር የሚበቃው አንደኛው በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ነው። የቀበሌ ሊቀ መንበር እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

እንግዲህ «የተተየበና ማህተም ያረፈበት ወረቀት ይጸናል፣ በእጅ የተጻፈ ተራ ወረቀት ነው» የሚለው እምነታችን ገንዘብ ከማስወጣቱም በላይ የጸናውን ያፈርሳል። ለማህተም ያለን ፍቅር ይገባኛል፤ ቢሮ ለቢሮ ስንንከራተት ያደግን ነን። ኑዛዜ ግን ማመልከቻ አይደለም።

ሌላው በሽታችን «ለሽማግሌዎች ነግሬአለሁ፣ ቃሌ ይበቃል» ማለት ነው። ኑዛዜ የሚለው ቃል ራሱ ከነፍስ አባት ፊት ስለሚነሳ፣ መናዘዝን ከሞት አልጋ ለይተን ማየት አቅቶናል። የቃል ኑዛዜ በሕግ አለ፤ በሁለት ምስክር ፊት ይነገራል። ነገር ግን የቀብርን ሥርዓት ለመወሰን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚት ለመሰየምና እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ ለመስጠት ብቻ ነው። 500 ብር ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ በግ አይገዛም። ተናጋሪው ከሦስት ወር በላይ ከኖረ ደግሞ ቃሉ ይሞታል።

ባልና ሚስት በፍቅር በአንድ ወረቀት ሲናዘዙም አንቀጽ 858 ይጥለዋል። እያንዳንዱ የየራሱን ወረቀት ይጻፍ፤ ከጋራ ንብረቱም የሚናዘዘው የየድርሻውን ብቻ ነው።

ያ አባወራ የሚናዘዘው ምንድን ነው? መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የይዞታ መብቱ በመሬት ሕጉ መንገድ ይሄዳል። ቤቱና ማንጎው ግን በጉልበቱና በገንዘቡ የመጡ ናቸው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 እነዚህን ማውረስ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ «መሬቴን ለእገሌ» ከማለት «ከበሩ በስተቀኝ ያሉት ሦስት የማንጎ ዛፎች ለእገሊት» ብሎ ቢጽፍ ይሻለዋል።

ጠበቃ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ልጅን ከውርስ መንቀል የፈለገ ሰው ምክንያቱን መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱ ደካማ ከሆነ ክርክሩ ይከተላል፤ ለዚህ ባለሙያ ያማክር። አሶሳ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወራሾቹ ተስማምተው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዱ ኑዛዜ ከንብረቱ ሲሶ አያልፍም፣ ለወራሽም በኑዛዜ አይጨመርለትም። በኸልዋ፣ ማለትም በቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ተምሮ በዓረብኛ ፊደል የሚጽፍ የበርታ አዛውንት ይህን ከማንኛችንም በላይ ያውቃል። እሱም ቢሆን በሚጽፈው ፊደል በገዛ እጁ ይጻፍ፤ የ884ቱ ድንጋጌ የሚጠይቀው እጁን ነው፣ አማርኛውን አይደለም። የማይገባውን ጽሑፍ ምልክት በምልክት እየገለበጠ ከጻፈ ግን ሕጉ አይቀበለውም።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ይወድቃል። አባወራው ያን የደብተር ወረቀት ከወለሉ ያንሳ፣ የተጨማደደውን በመዳፉ ያስተካክል፣ ኮምፒውተር ቤቱን ትቶ ወደ መዝገብ ቤቱ ይዞት ይግባ።