የሰውነት ገቢና ወጪ

ከሞያሌ ድንበሩን ተሻግረን ወደ ኬንያው ገበያ ስንዘልቅ፣ ነጋዴው ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት በብርና በሽልንግ የገባውንና የወጣውን ሲተሳሰብ እናያለን። ሂሳቡን የማያውቅ ነጋዴ ውሎ አድሮ ይከስራል። የሰው ሰውነትም እንዲሁ የራሱ መዝገብ አለው። ገቢው ምግብ ሲሆን ወጪው ሥራ፣ ሙቀትና ሕይወትን ማቆየት ነው።

ብዙዎቻችን ወጪ የምንለው ጉዞንና ሸክምን፣ ምሽግ ቁፋሮንም ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ ልቡ ይመታል፣ ሳንባው ይተነፍሳል፣ አንጎሉም ይሠራል። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ አንዳች ሳይሠራ ቢውል በቀን 1,500 ካሎሪ ያህል የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ጓዙን ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ የሚጓዝ ወታደር ደግሞ የዚህን ከእጥፍ በላይ ሊያወጣ ይችላል።

ገቢ ከወጪ ሲያንስ የሚደርሰው ጉዳት በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቱ አንሴል ኪስ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት ከቀድሞ ምግባቸው ግማሽ ያህሉን ብቻ እንዲመገቡ አደረገ። ወጣቶቹ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። የቀነሰው ስባቸው ብቻ አልነበረም፤ ጡንቻቸውም መነመነ። የልባቸው ምት ዘገየ፣ ብርድ አልለቅ አላቸው፣ በጥቂቱ መነጫነጭ ጀመሩ፣ ሐሳባቸውም ሁሉ ምግብ ሆነ። ሰውነት ገቢው ሲጎድልበት ወጪውን ይቆጥባልና።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉ ጊዜ፣ በቦረናና በኬንያው ማርሳቢት ከብቱ አለቀ፤ ወተትም ከየቤቱ ጠፋ። እጅግ ከተጎዱትም መካከል ሕፃናትና የሚያጠቡ እናቶች ይገኙ ነበር።

ድርቅ በሌለበት ቤትስ? ባለፈው ሰሞን አንድ ባልደረባችን ለምሳ ጋበዘን። ባለቤቱ የሦስት ወር ሕፃን ታቅፋ ቆማ አስተናገደችን። እኛ ጠግበን እጃችንን ከታጠብን በኋላ፣ እርሷ ከገበታው የተረፈውን እንጀራ በቀረችው ወጥ ጠራርጋ በላች። አንዳችንም አንድ ቃል አልተናገርንም። ዛሬ ስናስበው እናፍራለን።

የምታጠባ እናት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከወትሮው በላይ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያስፈልጋታል። ይህም ከ140 ግራም የበቆሎ ዱቄት የሚገኘውን ኃይል ያህላል። ወታደር በሰልፍ ሲጓዝ ወጪው ለሁሉ ይታያል፤ የእርሷ ወጪ ግን በጉያዋ ተሸሽጎ ስለሚሄድ ቆጣሪ የለውም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። አራስን በቅቤ የራሰ ገንፎ ማብላታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የአራስነቱ ቀን ሲያበቃ ገንፎውም አብሮ ያበቃል፤ ሕፃኑ ግን ገና ጡቱን አልተወም።

በአንጻሩ ከመስክ ተመልሶ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ባል በጉዞ ዘመኑ የለመደውን ያህል መብላቱን ከቀጠለ፣ ትርፉ በወገቡ ዙሪያ ቦርጭ ሆኖ ይከማቻል። እንግዲህ በአንድ ቤት፣ በአንድ ገበታ ላይ፣ አንዱ ሲያተርፍ ሌላዋ ትከስራለች ማለት ነው። ይህን ለማቃናት ደመወዝ እስኪጨመር መጠበቅ አያስፈልግም። ሽሮውና ቦሎቄው፣ ሲገኝም ወተቱና ቅቤው፣ እንደየሰውነታችን ወጪ ይከፈል እንጂ እንደ ወንበራችን ከፍታ አይከፈል።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ማታ ገበታው ሲቀርብ ባል አስቀድሞ «ነይ፣ አብረን እንብላ» ይበል። ባለቤቱም «እናንተ ብሉ፣ እኔ በኋላ» የሚለውን የቆየ መልስ ትታ ትቀመጥ። እኛም በእንግድነት በምንጠራበት ቤት ሁሉ፣ የቤቱ እመቤት ሳትቀመጥ እጃችንን ወደ ገበታው ላንዘረጋ ቃል ገብተናል።